ፕሮቶን ፖዘቲቭ፣ ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ… ከዚያስ?

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ ለፈተና ሲያጠና ደረስኩ። «ፕሮቶን ፖዘቲቭ፣ ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ፣ ኒውትሮን ኒውትራል» እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

«ኒውትራል ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ኒውትሮን ነዋ!»

«እሺ፣ በዓይን በማይታይ አቶም ውስጥ እነዚህ ሦስቱ እንዳሉ በምን ታወቀ?»

ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ እሱ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ።

ልጁ ላይ አልፈርድም፤ እውነቱን ነው። አይመጣም። በሽታችንም ይኸው ነው።

ሳይንስ ብለን የምንሰጣቸው የሦስት ነገር ስም ነው። ስሞቹ የተገኙበትን መንገድ ግን እንደብቃቸዋለን። በፈረንጆቹ 1897 ቶምሰን አየሩ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚሄድ ጨረር በኤሌክትሪክና በማግኔት ሲጎብጥ አየ፤ ኤሌክትሮን የታወቀው በዚህ ነው። በ1909 ማንቸስተር ውስጥ ጋይገርና ገና የ20 ዓመት ተማሪ የነበረው ማርስደን አልፋ የሚባሉ ቅንጣቶችን ከወረቀት እጅግ በሳሳ ወርቅ ላይ ለቀቁ። አብዛኞቹ አልፈው ሄዱ፤ በጣም ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ነጠሩ። ራዘርፎርድ ከዚህ ተነስቶ በ1911 የአቶም ክብደት መሃል ላይ፣ በጣም ትንሽ ቦታ ውስጥ እንደታጨቀ ተናገረ። ኒውትሮን ግን እስከ 1932 ድረስ ቻድዊክን ጠበቀ። ለምን? ቻርጅ ስለሌለው ኤሌክትሪክም ማግኔትም አያጎብጠውማ! ልጁ የሸመደዳት «ኒውትራል» ትርጉሟ እዚህ ታሪክ ውስጥ ነበር።

«ላብራቶሪ የለንም» የምትሉኝ አላችሁ። ብይስ የለንም? ካርቶን ሥር ድንጋይ ደብቁ፤ ልጆቹ ከየአቅጣጫው ብይ እያንከባለሉ፣ የሚነጥርበትን አይተው የድንጋዩን ቅርጽ ይገምቱ። ራዘርፎርድ ያሰበውም እንደዚሁ ነው። እስክሪቢቶ ፀጉር ላይ አሽታችሁ ብጥስጣሽ ወረቀት አስነሱ፤ የተንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ይሄ በጀት አይጠይቅም።

ደመወዙ ወር የማያደርሰውን መምህርም አልወቅስም። «መጽሐፉን ጨርስ» እያለ የሚያሯሩጠውን፣ ፈተናውንም ለሽምደዳ የሚያወጣውን ነው የምወቅሰው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ አገር ጮኸ። ጩኸታችን ግን 12ኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተበላሸው ገና ሰባተኛ ክፍል፣ «አይመጣም» የተባለ ቀን ነው።

እኔ በጋዜጠኝነት እንጀራ የምበላው «በምን ታወቀ?» እያልኩ ነው። ይህን ጥያቄ ያልለመደ ልጅ ነገ እዚሁ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀለትን ሁሉ ይውጣል።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጠይቁት። መልሱን እናንተም ካላወቃችሁ አትፈሩ። «እኔም አላውቅም፣ ና አብረን እንፈልግ» በሉት። ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ነው።