የቤት ሽያጭና የተሰወረ ጉድለት፦ የውል ማኅተም የማያረጋግጠው ጉዳይ

ቤት መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ የብዙ ዓመት ቁጠባ፣ አንዳንዴም የባንክ ብድርና የዘመድ ድጋፍ ተጨምሮበት የሚፈጸም ትልቅ ውሳኔ ነው። የገዥዎች ጥንቃቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው ሻጩ እውነተኛ ባለቤት ስለመሆኑና ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ ብቻ ነው። የቤቱ አካላዊ ሁኔታ ጥያቄ ሆኖ የሚነሣው በአብዛኛው ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ወይም ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው።

ጉዳዩ በአሁኑ ወቅት ይበልጥ ትኩረት የሚሻው በሁለት ምክንያቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቅ ቤቶች ጭምር የተሰማ በመሆኑ፣ የሕንፃዎች ጥንካሬ የብዙ ነዋሪዎች ጥያቄ ሆኗል። በዚያው ዓመት የሪል እስቴት ልማት፣ ግብይትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከት አዋጅ በመውጣቱም በአልሚና በገዥ መካከል ያለው ግንኙነት ራሱን የቻለ ሕግ አግኝቷል። በግለሰቦች መካከል የሚደረገው የነባር ቤት ሽያጭ ግን ዛሬም በዋናነት የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ለገዥ የሚሰጠው ጥበቃ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ጥበቃው የሚጸናው ገዥው ባየው፣ በጽሑፍ ባሰፈረውና በጊዜው ባስታወቀው ልክ ነው።

ማኅተሙ የሚያረጋግጠውና የማያረጋግጠው

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መደረግና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» በሚባለው መሥሪያ ቤት የተዋዋዮች ማንነትና ችሎታ፣ የባለቤትነት ማረጋገጫው፣ እንዲሁም ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ይጣራል። ይሁን እንጂ ሰነድ አረጋጋጩ ቤቱ ድረስ ሄዶ መሠረቱን፣ የውኃ መስመሩን ወይም የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን አይመረምርም። በውሎች ላይ የተለመደው «ተከራካሪ ቢመጣ መልስ እሰጣለሁ» የሚለው የሻጭ ቃልም የሚመለከተው የባለቤትነት ክርክርን እንጂ የቤቱን ብልሽት አይደለም።

ሻጭ ዝም ማለት ይችላልን?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ የቤቱን ጉድለቶች በቅጽ ዘርዝሮ ለገዥ እንዲያስረክብ አያስገድድም። ይህ ማለት ግን ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ደብቆ ከኃላፊነት ያመልጣል ማለት አይደለም። በቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ ስለመሆኑ ለገዥ መድን ነው። ጉድለት የሚባለውም ነገሩ ለተለመደው አገልግሎት ወይም በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጠባይ ሳይዝ ሲቀር ነው።

ተዋዋዮች ይህን የመድን ግዴታ በውል ሊቀንሱት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ። ሻጭ ጉድለቱን በተንኮል የሰወረ እንደሆነ ግን እንዲህ ያለው የውል ቃል ዋጋ አይኖረውም። ከዚህም ሌላ በቁጥር 1704 እንደተመለከተው ገዥ ውሉን የፈጸመው በተንኮል ተታሎ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፤ ክሱም በቁጥር 1810 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለምሳሌ በየክረምቱ የሚያፈስ ጣሪያ ያለው ሻጭ በበጋ ኮርኒሱን ቀለም ቀብቶ ቢሸጥና ሲጠየቅ «አፍስሶ አያውቅም» ቢል፣ ድርጊቱ ከተራ ዝምታ ያለፈ ነው።

«አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ»

በብዙ የቤት ሽያጭ ውሎች ውስጥ ገዥው ቤቱን «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ይሰፍራል። ቃሉ ሳይነበብ የሚፈረም ቢሆንም በክርክር ጊዜ ክብደት አለው። ገዥ ውሉን ሲዋዋል ያወቀው ጉድለት፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊሰወረው የማይችል ግልጽ ጉድለት ሻጭን በመድንነት አያስጠይቅም። በሳሎን ግድግዳ ላይ ጎልቶ የሚታይ ስንጥቅ አይቶ የፈረመ ገዥ በኋላ በዚያው ስንጥቅ መክሰስ ይከብደዋል። በወለል ሥር ያለ የፍሳሽ መስመር ስብራት ግን በተለመደ ምልከታ የሚገኝ ስላልሆነ፣ «አይቼ» የሚለው ቃል ያንን ይሸፍናል ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ገዥ አሻሚውን ቃል ብቻውን ከመተው ይልቅ የታዩትን ጉድለቶች በስማቸው ማስፈርና «ከእነዚህ ውጭ ሌላ ጉድለት እንደሌለ ሻጭ አረጋግጧል» የሚል ቃል ማስገባት ይጠቅመዋል። ይህ ለቅን ሻጭም ጥበቃ ነው፤ የገለጸው ጉድለት በጽሑፍ ስለሰፈረ በኋላ «አልነገረኝም» አይባልበትም።

ጊዜ የሚያስቀረው መብት

ገዥ ቤቱን ሲረከብ ወዲያው የመመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ዓይነቱን ለይቶ ሳይዘገይ ለሻጭ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ይህን ካላደረገ መብቱን ሊያጣ ይችላል። በተለመደ ምርመራ ሊገኝ የማይችል ጉድለት ሲሆን ማስታወቁ የሚጀምረው ጉድለቱ ከተገለጠበት ጊዜ ነው። ማስታወቂያው ከተሰጠ በኋላም፣ ሻጭ ያታለለ ካልሆነ በቀር፣ በ1 ዓመት ውስጥ መብትን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሽማግሌ ወይም በደላላ በኩል የሚደረግ ድርድር መልካም ቢሆንም ጊዜው እየሄደ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ጉድለት መኖሩ የሚመዘነው ኃላፊነቱ ወደ ገዥ በተላለፈበት ጊዜ ነው። ይህ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ተያይዞ ለሚነሣው ክርክር ወሳኝ ነው፤ ስንጥቁ ከርክክቡ በፊት ነበረ ወይስ በኋላ ተከሰተ የሚለውን የሚመልሰው ማስረጃ ነው። በርክክብ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍና ሁለቱ ወገኖች የፈረሙበት አጭር ቃለ ጉባኤ ይህን ክርክር ያቃልላል።

አዲስ ግንባታና የጋራ ሕንፃ

ከሥራ ተቋራጭ ጋር በተደረገ የግንባታ ውል የተሠራ ቤት ሲሆን ጥበቃው ይሰፋል። በቁጥር 3039 መሠረት ተቋራጩ ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ጥንካሬው ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት መድን ነው፤ ከአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ጠባይ ለሚመጣ ብልሽትም ይጠየቃል። በክረምት አብጦ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ አፈር ባለባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች ይህ ድንጋጌ ትልቅ ትርጉም አለው።

በኮንዶሚኒየም ደግሞ ጣሪያው፣ ደረጃውና ዋናው የፍሳሽ መስመር የጋራ መጠቀሚያዎች ናቸው። በመሆኑም ገዥ ከመዋዋሉ በፊት የሕንፃውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለ ተደጋጋሚ ብልሽቶችና ስላልተከፈለ መዋጮ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከመፈረም በፊት

• ቀብድ ከመክፈል በፊት ቤቱን ፈቃድ ባለው የግንባታ ባለሙያ ማስመርመር፤ ካልተቻለ በቀብድ ውሉ ላይ ግዥው በምርመራ ውጤት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስፈር። ያለዚህ ገዥው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ሊያጣ ይችላል።
• የግንባታ ፈቃዱንና የጸደቀውን ፕላን ከቆመው ቤት ጋር ማመሳከር፤ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል ወይም ፎቅ ካለ ለይቶ ማወቅ።
• ስለ ጣሪያ፣ ፍሳሽ፣ ውኃ፣ ኤሌክትሪክና ስንጥቅ ሻጭን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ከውሉ ጋር ማያያዝ።
• እውነተኛውን የሽያጭ ዋጋ በውሉ ላይ ማስፈር። ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ከግብር ሕግ ጋር ከማጋጨቱም ሌላ፣ ውሉ ቢፈርስ ገዥው ከተጻፈው በላይ የከፈለውን ማስመለስ ያስቸግረዋል።
• በውጭ ሀገር ሆነው በወኪል የሚገዙ ዜጎችና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በውክልና ሰነዱ ላይ ቤት የማስመርመር፣ የመረከብና ጉድለት የማስታወቅ ሥልጣንን በግልጽ ማካተት።

ጉድለቱ ከግዥ በኋላ ከተገለጠ ደግሞ ሁኔታውን በፎቶግራፍና በባለሙያ ሪፖርት መያዝ፣ ለሻጭ መድረሱ የሚረጋገጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት፣ ከዚያም የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ዜጎች በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። ዳኝነት የሚጠየቀው ውል እንዲሰረዝ ይሁን፣ ጉድለቱ እንዲስተካከል ወይም ካሣ እንዲከፈል የሚወሰነው እንደ ጉድለቱ ክብደት ነው።

በአጠቃላይ የካርታው ትክክለኛነትና የቤቱ ጤንነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን የመንግሥት መዝገብ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን የሚመልሱት የባለሙያ ምርመራ፣ የሻጭ እውነተኛ ቃልና በጊዜው የተጻፈ ማስታወቂያ ናቸው።