«መልሼ ላስገባው?» - በረዶው ስለለቀቀ የኡድሂያ ስጋ



ውድ አንባቢያን! ዒድ አል-አድሃ (አረፋ) ባለፈ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በብዙዎቻችን ቤት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል፡፡ መብራት ጠፍቶ ይመጣል፤ ወይም ለእንግዳ ተብሎ ከፍሪዘር የወጣው ስጋ ሳይሠራ ይቀራል፡፡ የቤቱ እናት ፌስታሉን በእጇ ይዛ «መልሼ ላስገባው ወይስ ልጣለው?» ትላለች፡፡ አንዷ ጎረቤት «በረዶው አንዴ ከለቀቀ መርዝ ነው፤ ጣይው» ትላታለች፡፡ ሌላዋ ደግሞ «በረዶ ሁሉን ይገድላል፤ አስገቢው» ትላለች፡፡ በእኔ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል፡፡ የመጀመሪያዋ ምክር አላህ የሰጠንን ሪዝቅ ያስጥላል፤ የሁለተኛዋ ቤተሰብ ያሳምማል፡፡

ቅዝቃዜ ባክቴሪያን በአብዛኛው ያስተኛል እንጂ አይገድልም፡፡ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲሆን ባክቴሪያዎች መራባት ያቆማሉ፤ በረዶው ሲለቅ ግን ይነቃሉ፡፡ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል በፍጥነት ይራባሉ፤ ሁኔታው ከተመቻቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ በዚህ ስሌት አንዱ ባክቴሪያ በ4 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 በላይ ይሆናል ማለት ነው፡፡ ስጋውን መልሰን ብናስገባው ያንኑ ብዛት እንደያዘ ይተኛል፡፡ ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን «በረዶው የት ሆኖ ለቀቀ? ስንት ሰዓትስ ቆየ?» ብለን ነው፡፡

መልሱም ቀላል ነው፡፡

- በረዶው የለቀቀው ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ፣ ቅዝቃዜውም ከ4 ዲግሪ ካልበለጠና ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ካልቆየ፣ ጥሬውን መልሶ ማስገባት ይቻላል፡፡ ውሃውን ስለሚለቅ ጣዕሙ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጉዳት የለውም፡፡ ይሁንና ለጥሬ ክትፎ አታውሉት፤ በደንብ ይብሰል፡፡
- በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ወይም በማይክሮዌቭ በረዶው የለቀቀ ስጋ አስቀድሞ መብሰል አለበት፡፡ ከበሰለ በኋላ ወጡን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ማቀዝቀዝና በ2 ሰዓት ውስጥ ማስገባት ይቻላል፡፡ ሲወጣም እስኪፈላ ድረስ ይሙቅ፡፡
- ጠረጴዛ ላይ ወይም ወጥ ቤት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ስጋ ይጣል፡፡ እንደ ድሬዳዋና ሠመራ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ገደቡ 1 ሰዓት ነው፡፡

«በደንብ እቀቅለዋለሁ» ማለት አያድንም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተፉት መርዝ በእሳት አይጠፋም፡፡ ሽታም አይታመን፤ የሚያሳምም ስጋ ሁልጊዜ አይሸትም፡፡

መብራት ሲጠፋስ? በሩን አትክፈቱ፡፡ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ካልተከፈተ ለ48 ሰዓት ያህል፣ ግማሹ የሞላ ለ24 ሰዓት፣ ከታች ያለው ፍሪጅ ደግሞ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፡፡ መብራት ሲመጣ ስጋው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ካለ መልሶ ይታሰር፡፡ ለበዓል ወደ ዘመድ የምትሄዱ ደግሞ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ በረዶ አድርጉና ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ፡፡ ስትመለሱ ሳንቲሙ ከሥር ከተገኘ፣ በረዶው በሌላችሁበት ቀልጦ እንደገና ታስሯል ማለት ነው፡፡ ያን ስጋ አትብሉት፡፡

ውድ እህቶችና ወንድሞች! ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ የተጠራጠርነውን ስጋ ለልጆቻችን ከልክለን «ለሚስኪን ይሰጥ» የምንል አለን፡፡ ሚስኪኑ ፍሪጅ የለውም፤ ስጋው እስኪበስል ሌላ ስንት ሰዓት በፌስታል ይዞረዋል፡፡ የእርሱም ልጆች ሆድ እንደ ልጆቻችን ሆድ ነው፤ ቢታመሙ ማሳከሚያው ከእኛ ይልቅ ለእርሱ ይከብዳል፡፡ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በቀር የማንቀበለውን መጥፎ ነገር ለይተን እንዳንሰጥ አላህ በሱረቱል በቀራ አስተምሮናል፡፡ የማንበላውን አንስጥ፤ የሚጣለው ይጣል፡፡

ስጋ ማስቀመጥ በራሱ ነውር አይደለም፡፡ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በችግር ዓመት የኡድሂያ ስጋ ከ3 ቀን በላይ እንዳይቆይ ከልክለው፣ በቀጣዩ ዓመት እንድንበላ፣ እንድናበላና እንድናስቀምጥ ፈቅደዋል፡፡ ማስቀመጡ ከማብላቱ ጋር ነው የተፈቀደው፡፡ ስለዚህ የሰው ድርሻ በዕለቱ፣ ትኩስ ሳለ ይድረስ፡፡ ለቤት የሚቀረውን ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን እየከፋፈላችሁ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ አስገቡ፡፡ አምስት ኪሎ ስጋ በአንድ ፌስታል ከገባ መሀሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ለአንድ ወጥ ሲባልም ሁሉም በረዶውን ይለቃል፡፡ ፍሪዘሩ የማይችለው ቋንጣ ይሁን፡፡ እንዲህ ካደረግን «መልሼ ላስገባው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ እምብዛም አይነሳም፡፡

አላህ መስዋዕታችንን ይቀበለን፤ ለቤተሰቦቻችንም ጤናውን ይስጥልን፡፡ ወሰላሙ ዐለይኩም፡፡