ፎርማት ጥገና አይደለም

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት የገባ ሰው የሚደረግለት ምርመራ አጭር ነው። «ምን ሆነ?» «ሞኒተር ላይ ስሰካው ምስል አያወጣም።» «ምንድነው የተጫነበት?» «ኡቡንቱ።» ከዚህ በኋላ ባለሙያው ኬብሉን እንኳ አያይም። «እሱማ ፎርማት ነው የሚፈልገው ወንድሜ። ዊንዶውስ እንጭንበታለን፣ ማታ መጥተህ ውሰድ።» ደንበኛው ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት የመጣ ከሆነ ማታ የለም፤ የሚመለሰው በሚቀጥለው የሐሙስ ገበያ ነው።

ነገሩ የሄርማታ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ያው ነው። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት እምነቶች ተጣብቀዋል። አንደኛው እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስና የውጭ ሞኒተር አይስማሙም የሚል ነው፤ ይህ እንኳ አልፎ አልፎ ጥቂት እውነት አይጠፋውም። ሁለተኛው ደግሞ ዲስክን አጥፍቶ እንደገና መጫን ጥገና ነው የሚል ነው። እኔ የምጣላው በተለይ ከዚህኛው ጋር ነው።

ምስል ከላፕቶፕ ተነስቶ ሞኒተር እስኪደርስ ብዙ በር ያልፋል። ዴስክቶፑ፣ ድራይቨሩ፣ የግራፊክስ ቺፑ፣ የላፕቶፑ ፖርት፣ ኮንቨርተር ካለ ኮንቨርተሩ፣ ኬብሉ፣ ሞኒተሩ ላይ የተመረጠው መግቢያ፣ ከዚያም የሞኒተሩ የራሱ ኃይል። ፎርማት የሚነካው ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። የቀሩት እንደነበሩ ይቆያሉ። የባለቤቱ የአራት ዓመት ሥራ ግን አብሮ ይጠፋል።

በጣም ቀላል ከሆነው እንጀምር። ሞኒተሩ «ሲግናል የለም» ብሎ ከጻፈ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ምናልባት ኬብሉ የተሰካው ኤችዲኤምአይ ላይ ሆኖ ሞኒተሩ ቪጂኤውን እየጠበቀ ይሆናል። ከውጭ አገር አገልግለው የሚመጡት ሞኒተሮች ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት መግቢያ ስላላቸው ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃዋል።

ኬብሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሞኒተር ሲሰካ ዝም ብሎ ምስል አይጠብቅም። ማንነቱንና የሚችላቸውን የምስል መጠኖች የያዘች ቢያንስ 128 ባይት የሆነች መረጃ አስቀድሞ ለላፕቶፑ ያሳውቃል፤ ኤዲድ ይሏታል። በቪጂኤ ኬብል ይህች መረጃ የምታልፈው ከ15ቱ ፒኖች በ12ኛውና በ15ኛው ነው። ርካሽ ኬብሎች አንዳንዴ እነዚህ ሽቦዎች ሳይገናኙባቸው ይሸጣሉ፤ የታጠፈች ፒንም ያንኑ ጉዳት ታደርሳለች። ያኔ ላፕቶፑ ምን እንደተሰካበት ስለማያውቅ ወይ ጨርሶ ምስል አያወጣም፣ ወይ በ1024 በ768 ደብዝዞ የተለጠጠ ምስል ይሰጣል። ኬብሉን በሌላ ቀይሮ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዊንዶውስ መጫን ግን ለታጠፈች ፒን ምን ይፈይድላታል?

ኮንቨርተርም እንዲሁ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ተገልብጦ አይሠራም፤ በውስጡ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጥ ቺፕ አለ፣ ቺፑም ኃይል የሚያገኘው ላፕቶፑ ከሚሰጠው ደካማ 5 ቮልት ነው። ዩኤስቢ ሲ ፖርት ደግሞ ቅርጹ አንድ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ምስል ያወጣል ማለት አይደለም፤ ቻርጅና ዳታ ብቻ የሚያስተላልፍ ሞልቷል። በዚህ ላይ የእኛ አገር መብራት አለ። 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ግቤ አንድ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆኖ እንኳ የጅማ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም። የምድር ሽቦ በሌለው ማከፋፈያ ላይ ሞኒተርና ላፕቶፕ እየሠሩ ኬብል መንቀልና መሰካት ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። የተቃጠለ ፖርት በየትኛውም ሲስተም አይነሳም።

እስከዚህ ድረስ ሊኑክስ የሚባል ነገር አልገባበትም። አሁን ይግባ። እዚህ ላይ የሚያናድደኝ፣ «ሊኑክስ አስቸጋሪ ነው» የሚሉት ሰዎች የሚሸሹት ሲስተሙ ራሱ መልሱን አዘጋጅቶ ከሚያስቀምጥበት ቦታ መሆኑ ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ለእያንዳንዱ የምስል ፖርት አንዲት ትንሽ ፋይል ይይዛል። ስትከፈት የምትናገረው አንድ ቃል ነው፤ ተገናኝቷል ወይም አልተገናኘም። ተገናኝቷል ካለች ኬብሉ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው ዴስክቶፑ ሴቲንግ ውስጥ ወይም ሞኒተሩ በማይችለው የምስል መጠን ላይ ነው። አልተገናኘም ካለች ወደ ኬብሉ፣ ወደ ፖርቱ ወይም ወደ ድራይቨሩ እንመለሳለን። የጭንቀቱ ግማሽ በአንዲት ቃል ተፈታ ማለት ነው።

የፖርቱ ስም ከእነዚህ ፋይሎች ዝርዝር ከነጭራሹ ከጠፋ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩ ያዘነብላል። ለምህንድስናና ለጌም ተብለው በሚሸጡ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ሁለት የግራፊክስ ቺፕ አለ፤ የኢንቴሉ የላፕቶፑን ስክሪን ይመራል፣ የኤችዲኤምአይ ፖርቱ ግን በቀጥታ የተገናኘው ከኤንቪዲያው ጋር ነው። የኤንቪዲያው ድራይቨር ካልተነሳ ላፕቶፑ በራሱ ስክሪን ያለምንም እንከን ይሠራል፤ ሞኒተሩ ግን ላፕቶፑ ዘንድ የለም። ድራይቨሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነሳው ተበላሽቶ አይደለም። ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት በርቶ ድራይቨር ሲጫን ኡቡንቱ የይለፍ ቃል ያስወጣል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ያንኑ ቃል ይጠይቃል። ሰው ይህን ገጽ ሲያይ ይደነግጣል፣ ያልፈዋል፣ ድራይቨሩም እንደታገደ ይቀራል።

ሌላው የታወቀ ምክንያት «ኖሞድሴት» የምትባል ቃል ናት። ኡቡንቱ ሲጫን ስክሪኑ ከጨለመ ጫኙ ይህችን ቃል በማስነሻው መስመር ላይ ይጽፋል፣ ጭነቱም ያልቃል። ቃሏ ግን የግራፊክስ ድራይቨሮችን ከሥራ ውጭ የምታደርግ ናትና ካልተሰረዘች የውጭ ሞኒተር የማይታሰብ ነው። ጽፎ የረሳት አብዛኛውን ጊዜ ያው ጥገና ቤት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በራሱ እጅ ያመጣውን ችግር ሊኑክስ ላይ አላክኮ ሁለተኛ ክፍያ ይቀበልበታል።

«ይህን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ፣ አንድም ትእዛዝ መጻፍ የማይፈልግ ባለሙያ ይሁን። ኡቡንቱ ከፍላሽ ላይ ተነስቶ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራል። በፍላሽ የተነሳው ኡቡንቱ ሞኒተሩ ላይ ምስል ካወጣ ኬብሉም ፖርቱም ነፃ ወጡ፤ ጥፋቱ የተጫነው ሲስተም ውስጥ ነው ማለት ነው። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ሲነሳ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞው ከርነል አለ፤ እሱን መርጦ ማስነሳት ቡና አፍልቶ ከመጠጣት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ባለሙያ ይህን ሳይሞክር ፎርማት ካለ ያንን ስንፍና እንጂ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ስንፍናው ዋጋ የማያስከፍል ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ሊኑክስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበትን ኤክስት ፎር የተባለ አሠራር ዊንዶውስ በራሱ ማንበብ አይችልም። ዲስኩን አውጥተው ሱቁ ውስጥ ባለ ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰኩት «ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉ» የሚል መልእክት ይወጣል። ያቺን መልእክት ያየ ልጅ ዲስኩ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስለዋል። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማር የምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ያስቀመጠው እዚያ ውስጥ መሆኑን መልእክቷ አትናገርም። «ባክአፕ አለህ?» የሚለው ጥያቄም ቢነሳ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከጠፋ በኋላ ነው።

ታዲያ ልማዱ ለምን ይታመናል? አልፎ አልፎ ስለሚሠራ ነው። ድራይቨሩ ጎድሎ ከነበረ ዊንዶውስ የራሱን ይዞ ይመጣልና ሞኒተሩ ይበራል፤ ማንም ምን እንደጎደለ አይጠይቅም። ከዚህ የባሰው ግን ሙከራው ራሱ ነው። ጥገና ቤቱ የሚሞክረው በሱቁ ኬብልና በሱቁ ሞኒተር ነው፤ ያኔ ፎርማት ባይደረግም ይበራ ነበር። ደንበኛው ቤቱ ወስዶ በዚያው በአሮጌ ኬብሉ ሲሰካው ጨለማው እንደነበረ ይጠብቀዋል። ተመልሶ ሲመጣም «ላፕቶፑ ራሱ አርጅቷል» ይባላል።

ጅማ እኮ ሳይመረምሩ መንቀልን የምታውቅ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ እርሻ ሙሉ ቡና ከጥቅም ውጭ ያደርግ ነበር። ጅማ አጠገብ መልኮ ያሉት ተመራማሪዎች ቡናውን ሁሉ ነቅለን እንደ አዲስ እንትከል አላሉም። በበሽታው ክፉኛ በተመቱ እርሻዎች ውስጥ እየገቡ በታመመው መሐል ፍሬው ያልተነካውን ዛፍ ለይተው፣ ዘሩን ወስደው፣ እንደገና በበሽታው ፈተኑት። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ የፊተኛው 74 የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ያ ሥራ የሕዝብ ኑሮ የተንጠለጠለበት ነበር፣ የእኛ ደግሞ የአንድ ሞኒተር ነገር ነው፤ ግን የታመመውን ከደህናው የመለየቱ ሥነ ሥርዓት ያው ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ጥገና ቤት ላይ ከጫንኩ አበላልጫለሁ። የሊኑክስ ወዳጅ ነን የሚሉትም እጃቸው አለበት። ለጓደኛቸው ኡቡንቱ ይጭኑና፣ ሞኒተሩ እምቢ ሲል ያልገባቸውን ትእዛዝ ከስልካቸው ላይ ገልብጠው ይለጥፋሉ፤ አንዱ ካልሠራ ሌላ፣ ሌላው ካልሠራ ሦስተኛ። በመጨረሻ ድራይቨሩም ዴስክቶፑም አብረው ይራገፋሉ። ይህም ቢሆን ፎርማት ነው፣ ልዩነቱ ቀስ ብሎ መደረጉ ብቻ። አንዳንዶቹ ደግሞ «ጥፋቱ የኤንቪዲያ ነው» ብለው ይገላገላሉ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በተሰብሳቢ ፊት ለኩባንያው መሐል ጣቱን ማሳየቱ እውነት ነው፣ ምክንያትም ነበረው። ግን ኤንቪዲያ በ2022 የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ መልቀቅ ጀምሯል፤ የዛሬውን ብልሽት ሁሉ በዚያች ጣት ማብራራት አይቻልም። ዲስፕለይሊንክ የሚባሉት መሰኪያዎች ለብቻ የሚጫን ሶፍትዌር እንደሚፈልጉ፣ አንዳንድ ላፕቶፕም እስካሁን ከሁለት ስክሪን ጋር እንደሚቸገር ለጓደኛቸው አስቀድመው ቢነግሩት ይሻል ነበር።

ነገሩ አሁን የሚያሳስበው ለሌላም ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ላፕቶፖችን አይቀበልም። አገልግሎ ከውጭ የሚገባው ላፕቶፕ ብዛቱ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ «ዊንዶውስ እንጫንበት» ማለት ለብዙው ሰው ጊዜው ያለፈበትን ወይም ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ክራክ የተከፈተውን መጫን ማለት ሆኗል። ከሊኑክስ ለመሸሽ ተብሎ የማይታወቅ ሰው የሠራውን ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ማስነሳት ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው? ዊንዶውስ የሚወድ ይጠቀምበት፣ ምርጫው ነው። በሞኒተር ሰበብ ግን አይሁን።

ባለሙያዎቹ ሲወቀሱ የሚሰጡት መልስ አላቸው፤ እሱ ተገቢ ነው። ደንበኛ የሚከፍለው ለሚታየው ሥራ ነው። ፎርማት ዋጋው የታወቀ ነው፣ ሲጭን ይታያል፣ አዲስ ዴስክቶፕ ይዞ ይወጣል። አንድ ሰዓት መርምሮ «ኬብልህ ነው» ያለ ባለሙያ ግን ምን ብሎ ያስከፍል? «ኬብል ለመቀየር ነው ይህን ያህል?» ይባላል። የድሮዎቹ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ይህን ችግር የፈቱት ክዳኑን ከፍተው ቴስተር ባስቀመጡበት ደቂቃ የምርመራ ዋጋ በማስቆረጥ ነበር፤ እቃው ቢጠገንም ባይጠገንም ትከፈላለች። የኮምፒዩተር ጥገና ቤቶች ይህን ከእነሱ አልወረሱም። ግድግዳቸው ላይ የፎርማት፣ የአንቲቫይረስና የኦፊስ መጫኛ ዋጋ ተለጥፏል፤ ከነዚያ በላይ ባለው ባዶ ቦታ የምርመራ ዋጋ ይጻፍበት፣ ደንበኛውም ኬብሉንና ሞኒተሩን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፣ ፍላሹም ከፎርማቱ በፊት ይሰካ።