ፌስታልን ለመከልከል ዘንቢልን ማቅረብ ያስፈልጋል





ክረምት በገባ ቁጥር በምኖርበት ከተማ አንድ የተለመደ ነገር ይታያል። ዝናቡ ገና ጥቂት እንደ ዘነበ ቦዩ ይሞላና ውኃው ወደ መንገድ፣ ከመንገድም ወደ ሰው ቤት ይገባል። የሰፈሩ ወጣቶች አካፋ ይዘው ቦዩን ሲጠርጉ የሚያወጡት አፈር ብቻ አይደለም፤ በጭቃ የተለወሰ የፌስታል ክምር ነው። በበጋ ደግሞ ያው ፌስታል በነፋስ እየበረረ በአጥርና በዛፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከብትም ከሣር ጋር ይበላውና ሆዱን ዘግቶ ይገድለዋል። ሰብስበው የሚያቃጥሉትም አሉ፤ ጢሱ ግን ለጤና ጠንቅ ነው።

መንግሥት ይህን ጉዳት ሳይመለከት ቀርቷል ለማለት አይቻልም። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይሠራና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ፤ መምህራችን ዐዋጁን በክፍል ውስጥ ሲያስረዱን፣ እኛ አድገን ለሥራ ሳንበቃ ፌስታል የሚጠፋ መስሎን ነበር። ዛሬ ራሴ መምህር ሆኜ ያንኑ ትምህርት ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ዳቧቸውን ይዘው የሚመጡት በዚያው በስስ ፌስታል ነው።

በ2017 ዓ. ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ዐዋጅ ደግሞ የፌስታልን ሥራ፣ ሽያጭና አጠቃቀም ከልክሎ፣ ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ደንግጓል። ዐዋጁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዐዋጁን ገበያ ድረስ የሚያወርደው ማዘጋጃ ቤት ስለ ሆነ፣ ሐሳቤን የማቀርበው በተለይ ለማዘጋጃ ቤቶቻችን ነው።

በቅርቡ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ከሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ዘንቢሌን ዘርግቼ፣ «እማማ፣ ፌስታል አልፈልግም» አልኋቸው። እርሳቸውም፣ «ተባረክ ልጄ፤ እንዳንተ ያለው ግን ጥቂት ነው። ሌላው ባዶ እጁን ይመጣል። ፌስታል የለኝም ብዬ ብመልሰው ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል፤ እኔም ሽንኩርቴን ታቅፌ አመሻለሁ» አሉኝ። ፌስታሉን ከየት እንደሚገዙት ብጠይቃቸው ማዶ ወዳለው ሱቅ በጣታቸው አመለከቱኝ። ሄጄ ብመለከት በእስር በእስር ተደርድሮ በግልጽ ይሸጣል።

እንግዲህ አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኒህ እናት በመደባቸው ላይ ያለውን ሽንኩርት ሁሉ ቢሸጡት 2,000 ብር አይሞላም። ስለዚህ ደንብ አስከባሪው ከእርሳቸው መደብ ከመድረሱ በፊት ወደ ሱቁ፣ ከሱቁም ወደ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩም ወደ ፋብሪካውና ወደ አስመጪው ቢሄድ፣ ሥራው ይቀልለታል፤ ፍርዱም ይቀናል። ሩዋንዳ በ2000 ዓ. ም. ፌስታልን ስትከለክል ከመንገደኛ ሻንጣ ላይ እስከ መውሰድ ደርሳለች። ኬንያ በ2009 ዓ. ም. ከባድ ቅጣት ያለበት ክልከላ ብታወጣም፣ ከጎረቤት አገር በድብቅ የሚገባው ፌስታል አስቸግሯት ነበር። ከሁለቱም የምንማረው፣ መግቢያው ካልተዘጋ ገበያውን ብቻ መቈጣጠር እንደማይበቃ ነው።

ሁለተኛው ሐሳቤ ስለ ምትክ ዕቃ ነው። ፌስታል ከመምጣቱ በፊት ሕዝባችን ዕቃ መያዣ ቸግሮት አያውቅም። ቅቤው በኮባ ቅጠል፣ እህሉ በስልቻና በጆንያ፣ ስንቁ በአገልግል፣ የገበያው ዕቃ በዘንቢል ይያዝ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ዘንቢል ሠሪዎችንና የጨርቅ ከረጢት ሰፊዎችን አደራጅቶ በየገበያው በር ቦታ ቢሰጣቸው፣ ለእነርሱ እንጀራ፣ ለከተማውም ጽዳት ይሆናል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ጥቂት ገንዘብ አስይዞ ከረጢት ይዋስ፤ ከረጢቱን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበል። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

እኛ ሸማቾችም ከወቀሳ አናመልጥም። እኔ ራሴ ዘንቢሌን ቤት ረስቼ የወጣሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ዛሬ ግን ከረጢት አጥፌ ከመጻሕፍቴ ጋር እይዛለሁ፤ ተማሪዎቼም ከአሮጌ ልብስ የራሳቸውን ከረጢት እንዲሰፉ አደርጋለሁ። ከእነርሱ አንዱ ነገ መምህር ሆኖ፣ ፌስታል በሞላበት ክፍል ውስጥ ስለ ፌስታል መከልከል እንደ ገና እንዲያስተምር አልፈልግም። ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ፣ ከቅጣቱ አስቀድሞ ዘንቢሉ ከገበያው በር መድረሱን እንዲያረጋግጡ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር