ነጥቡ ሲያድግ ሂሳቡ በማን ላይ ይወድቃል?

በዋሽንግተን ዲሲ የአንድ ትልቅ አፓርታማ ባለቤት ማሞቂያውን መቀየር፣ ግድግዳና መስኮቱን ማደስ ወይም ቅጣት መክፈል ይኖርበት እንደሆነ በአብዛኛው የሚወስነው ከ1 እስከ 100 የሚሰጥ አንድ ነጥብ ነው። ነጥቡን የሚያሰላው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያዘጋጀው ፖርትፎሊዮ ማኔጀር የተሰኘ ሶፍትዌር ነው። በከተማዋ አፓርታማዎች በርካታ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በኪራይ ስለሚኖሩ ጉዳዩ እነርሱንም በቀጥታ ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የከተማዋ የንጹሕ ኃይል ሕግ ለሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀም መመዘኛ አበጅቷል፤ መመዘኛውም በአካባቢው ካሉ ተመሳሳይ ሕንፃዎች መካከለኛ ነጥብ በታች ሊሆን አይችልም። በ2021 የተጀመረው የመጀመሪያው ዙር ስፋታቸው 50,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ የሆኑ የግል ሕንፃዎችን ይመለከታል። የከተማዋ የበካይ ጋዝ ልቀት በአብዛኛው ከሕንፃዎች የሚመነጭ በመሆኑ የሕጉ ዓላማ ሊደገፍ ይገባዋል።

ሶፍትዌሩ የ12 ወራት የመብራትና የጋዝ ፍጆታን ተቀብሎ የአየር ጠባይን ልዩነት ያስተካክልና ሕንፃውን ከመሰሎቹ ጋር ያነጻጽራል፤ 50 ነጥብ ማለት በአገር አቀፍ ደረጃ መካከለኛ ማለት ነው። የካርቦን ልቀቱንም ከተቃጠለው ጋዝና መብራቱ ከሚመጣበት የኃይል መረብ ተነሥቶ ያሰላል። ለዚህ ሥራ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ሆኖም ለመኖሪያ አፓርታማዎች ሲውል የማይመለከታቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የነዋሪዎች ቁጥር ነው። ስሌቱ የቤቶቹንና የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት ከግምት ያስገባል፤ በውስጣቸው የሚኖሩትን ሰዎች ግን አይቆጥርም። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ልጆችና አያት ያሉበት የስድስት ሰው ቤተሰብ ብቻውን ከሚኖር ሰው ይልቅ ብዙ ሙቅ ውኃ ይጠቀማል፤ ብዙ ያበስላል፤ ብዙ ልብስ ያጥባል። በስሌቱ ዘንድ ሁለቱ ቤቶች እኩል ስለሆኑ ቤተሰብ የበዛበት ሕንፃ አባካኝ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ጉዳይ ክፍያው ነው። በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ምድር ቤት ያለው የጋዝ ቦይለር ሁሉንም ቤቶች ያሞቃል፤ ወጪውንም ባለቤቱ ይከፍላል፤ ተከራዩ በኪራዩ ውስጥ ይሸፍነዋል። ቦይለሩ ተነሥቶ በየቤቱ በመብራት የሚሠራ ሂት ፓምፕ ሲተከልና ከተከራዩ ቆጣሪ ጋር ሲያያዝ የሕንፃው ፍጆታ ይቀንሳል፤ ነጥቡም ያድጋል። የክረምቱ የማሞቂያ ሂሳብ ግን ወደ ተከራዩ ይዞራል። ሶፍትዌሩ የሕንፃውን ፍጆታ በሙሉ ስለሚደምር ይህ ዝውውር በውጤቱ ላይ አይታይም። ኪራዩ በዚያው ልክ ካልቀነሰ ተከራዩ ለማሞቂያ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ተጨማሪ ጥያቄ የአየር ንብረት ሥራውን ያጓትታል የሚሉ ወገኖች አሉ። ይሁን እንጂ የሚጠየቀው ጥቂት መረጃ ብቻ ነው። ሠራተኛ ቤቱ ገብቶ ማሞቂያ እንዲቀይር የሚፈቅደውም ውጤቱን አስቀድሞ የተረዳ ተከራይ ነው።

ስለዚህ ከተማዋ ሦስት እርምጃዎችን ልትወስድ ይገባል። አንደኛ፣ ማንኛውም ባለቤት የሚያቀርበው የማሻሻያ ዕቅድ ከሥራው በፊትና በኋላ የማሞቂያውን ወጪ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ያስፍር፤ ሂሳቡ ወደ ተከራዩ የሚዞር ከሆነም የኪራይ ቅናሹ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ አፓርታማ ሲገመገም የነዋሪዎቹ ቁጥር ይታይ። ሦስተኛ፣ በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን እንደ አማርኛ ባሉ ቋንቋዎች እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ፣ የሕንፃ ነጥብና የማሻሻያ ማስታወቂያም በዚሁ መንገድ ለነዋሪው ይድረስ።

የሕንፃዎቹ ውጤት ለሕዝብ ይፋ የሚደረግ በመሆኑ የተከራዮች ማኅበራት የየሕንፃቸውን ነጥብ ከአሁኑ ሊመለከቱ ይችላሉ። ነጥቡ ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ ምን እንዳቀደና ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል የሚጠየቅበት ጊዜ ቦይለሩ ከመነቀሉ በፊት ነው።