የአእምሮ ሕመምን በሲኒማ ለሕዝብ ስለ ማስረዳት

ሰው እግሩ ሲሰበር ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ወጌሻ ይጠራል፤ ቃሬዛ ይሠራል፤ ሴቶቹም ገንፎ ይዘው ይመጣሉ። ሰው አእምሮው ሲታወክ ግን ደጁ ይዘጋል። የታመመውን ልጅ ወላጆቹ ከጓዳ ወይም ከበረት አጠገብ ካለች ጎጆ ያስቀምጡታል፤ እንዳይጠፋ፥ እሳት ውስጥ እንዳይገባ፥ ሰው እንዳይመታ በማለት በገመድ ወይም በሰንሰለት ያስሩታል። ይህንን የሚያደርጉት ጨካኞች ስለ ሆኑ አይደለም። ሌላ መንገድ መኖሩን የነገራቸው ሰው ስለሌለ፥ ቢነገራቸውም የሕክምናው ስፍራ ሩቅ ስለ ሆነ፥ ከዚህም ሁሉ በላይ የቤታቸው ስም እንዳይጠፋ ስለሚፈሩ ነው። ለጋብቻ የደረሰች እኅት ያለችው እንደ ሆነ «የእብድ ዘር» ትባላለች፤ ሽማግሌም አይላክላትም።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ የሚበልጥ ሰው ቤት ለቤት እየተዞረ በተመረመረ ጊዜ፥ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ተይዘው ከተገኙት አብዛኞቹ የሐኪም መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ነበሩ። በዚያው አገር 178 የሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀው፥ ከመቶው 75ቱ በቤታቸው ሕመምተኛ በመኖሩ ምክንያት ከሰው ዘንድ መናቅና መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከመቶው 37ቱ የዘመዳቸውን ሕመም ሊሸሽጉ ይወዱ ነበር፤ ከመቶው 65ቱ ደግሞ ከሁሉ የሚመርጡት መፍትሔ ጸሎት መሆኑን ገለጡ።

ከነዚህ ሦስት ቍጥሮች ይልቁን ሊታሰብበት የሚገባው መካከለኛው ነው። የሚጸልይ ሰው ሕመሙን አምኖ በእግዚአብሔር ፊት አቅርቦታል፤ የሚሸሽግ ሰው ግን ወደ ጸበሉም ወደ ሐኪሙም አይደርስም። ስለዚህ ስለ አእምሮ ሕመም የሚሰጠው ትምህርት የመጀመሪያ ሥራው የበሽታውን ስም ማስጠናት ሳይሆን የተዘጋውን ደጅ ማስከፈት ነው። ለዚህም እውነተኛ ሰዎችን በእውነተኛ ኑሯቸው የሚያሳየው ሲኒማ፥ በዛሬው አነጋገር ዘጋቢ ፊልም የሚባለው፥ በጽሑፍ የማይገኝ አንድ ኃይል አለው። ልጁን በጓዳ አስሮ የመጣው አባት ማንም ሳያየው በጨለማ ተቀምጦ፥ የሌላውን አባት ፊት እያየ፥ «ለካ ይህ በኔ ቤት ብቻ የወረደ አይደለም» ብሎ በልቡ ያስባል። በጉባኤ መካከል ተነሥቶ ስለ ልጁ ይናገር ቢሉት ግን ከቶ አይናገርም።

መሸሸግ የገጠር ሰው ወይም ያልተማረ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይመስል፥ የአሜሪካዊቷን ሐኪም የዴላኒ ረስተንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አባቷ በስኪዞፍሬንያ የታመመ ሰው ነበረ፤ እርሷም ሐኪም ሆና ሳለ አባቷ ፈልጎ እንዳያገኛት ስልኳ በስልክ መዝገብ እንዳይጻፍ አድርጋ ብዙ ዓመት ከርሱ ተሸሽጋ ኖረች። ኋላም ወደ አባቷ መመለሷን በፊልም አድርጋ ስሙን «ያልተመዘገበ» ለማለት አንሊስትድ አለችው፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በልዩ ልዩ አገር ቤተ ሰዎች ሕሙማናቸውን እንዴት እንደሚሸሽጉና እንዴት እንደሚያስታምሙ የሚያሳይ ሂድን ፒክቸርስ የሚባል ሁለተኛ ፊልም አወጣች። የሕክምና ትምህርት ያላት ሴት እንዲህ ከተሸሸገች፥ ማስተማሪያ ወረቀት ብቻ ተበትኖለት የባላገሩ ደጅ ይከፈታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በዚህ ላይ ሲኒማ ለመንፈሳዊ ሰው የማይገባ ዕቃ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። መቼም ሲኒማ በመጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ቤቱ ግን ሰይጣን አልነበረበትም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ለጊዜው ለሰይጣን መሰጠቱ የቈየ ልማድ ስለ ሆነ ነው እንጂ። በአእምሮ ሕመምተኛ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ደግሞስ ማንበብ ለማይችል ምእመን በሥዕል ማስተማርን ከቤተ ክርስቲያን የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው? የመቅደሱ ግድግዳ ከጥንት ጀምሮ ለባላገሩ መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ፥ የእመቤታችንንም ሥዕል እንደ ሣለ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ሥዕልና ሕክምና በአንድ ሰው እጅ ተስማምተው የኖሩ መሆናቸውን ለካህናት ማስረዳት አያስፈልግም።

ዘጋቢ ፊልም በኢትዮጵያ ምን ያህል ኃይል እንዳለውም ታይቷል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ያሳየበት ፊልም በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በታየ ጊዜ ተሸሽጎ የነበረው ዕልቂት ለዓለም ተገለጠ፤ ብዙ ርዳታም ተሰበሰበ። ይኸው ፊልም የቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል በመካከሉ እየገባ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተራቡት ሰዎች ያው የወሎ ሰዎች ናቸው፤ የፊልሙ ነገር ግን መቀሱን በያዘው ሰው ፈቃድ ሌላ ሆነ። ስለ ሕሙማን የሚሠራ ፊልምም እንዲሁ፥ አንዱ ቈራጭ ርኅራኄ ያወጣበታል፤ ሌላው መሣቂያ ያደርገዋል።

ይህም የሩቅ ሥጋት አይደለም። ፍሬድሪክ ዋይዝማን የተባለው አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ግዛት በብሪጅዋተር ወንጀለኞች ሕሙማን የሚጠበቁበትን ቤት ቀርጾ ቲቲከት ፎሊስ የተባለውን ፊልም በ1960 ዓ.ም. አወጣ። በፊልሙ ውስጥ ሕሙማኑ ራቍታቸውን ሲቆሙና ጠባቂዎቹ ሲያላግጡባቸው ይታያል። ግዛቱ ፍርድ ቤት ከስሶ የሕሙማኑ ገመና ተገልጧል በማለት ፊልሙ ለሕዝብ እንዳይታይ አስከለከለ፤ ክልከላው የተነሣውም በ1983 ዓ.ም. ነው። ሹሞቹ የሕሙማኑን ገመና ጠበቁ ወይስ የራሳቸውን ነውር ሸሸጉ? ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይማሩበታል። መንግሥት የክብርን ስም ይዞ እውነትን መከልከል እንደሚችል አንዱ ነው። ሁለተኛውም፥ ለእውነት ተብሎም ቢሆን የደካማውን ሰው ራቍትነት ማውጣት ዕዳ እንዳለበት ነው።

ስለ ሆነም ፈቃድ የሚባለው ነገር በጣት አሻራ የሚያልቅ መሆን የለበትም። ሰው ሕመሙ በበረታበት ቀን የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም፤ በዳነ ጊዜ የተቀረጸውን አይቶ እንደ ገና ሊጠየቅ ይገባል፤ እምቢ ካለም ሥዕሉ ይጥፋ። ደግሞ በሩቅ አገር ይታይ ብሎ የፈቀደ ሰው በገዛ ደብሩ ቅጥር፥ አበ ልጆቹና አማቾቹ በተቀመጡበት ይታይ ብሎ ፈቅዷል ማለት አይደለም። የአንዱ ወረዳ ሰው ታሪክ በሌላው ወረዳ ቢታይ ይሻላል፤ በመንደሩ ሊታይ የሚገባው ራሱ ፈቅዶ ከፊልሙ በኋላ ተነሥቶ መናገር የሚወድ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ምን ይታይ የሚለው ጥያቄ ከዚህም ይከብዳል። ሰንሰለቱን ብቻ የሚያሳይ ፊልም ተመልካቹን ያስለቅሰዋል፤ ነገር ግን ሲያስፈራውም ይችላል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማሰሪያውን ያጠብቃል። «ሕመሙ የአንጎል ነው» ብሎ ብቻ የሚያስተምርም እንዲሁ ጎዶሎ ነው፤ ሊቃውንት በብዙ አገር መርምረው እንዳገኙት፥ እንዲህ ያለው ትምህርት ብቻውን ሲሰጥ ሰው በሽተኛውን መውቀስ ቢቀንስም ሕመሙ የማይድን ነው ብሎ የሚያስብበት ጊዜ አለ። ልብን የሚለውጠው ታሞ የነበረውን ሰው ማግኘት ነው፤ በአካል ቢሆን፥ ካልሆነም በፊልም። ስለዚህ ሴትዮዋ በሕመሟ ወራት ምን ትል እንደ ነበረ ከታየ በኋላ፥ እንጀራ ስትጋግር፥ ገበያ ስትወርድ፥ መድኃኒቷን በየቀኑ ስትውጥ፥ ሕመሙ ሊመለስ ሲልም ምን ምልክት እንደምታውቅበት ስትናገር መታየት አለባት። ናቡከደነፆር ከሰው ተለይቶ ከአራዊት ጋራ እንደ ኖረ ሁሉ ያስታውሳል፤ አእምሮው በተመለሰለት ጊዜ መኳንንቱ ፈልገውት ወደ መንግሥቱ መመለሱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዛሬው ጊዜ ታሞ የዳነ ገበሬ መሬቱ በዘመዱ እጅ ገብቶ፥ ሚስቱ ወደ ወላጆቿ ተመልሳ፥ በሽማግሌዎች ፊትም ቃሉ እንደ ቃል ሳይቈጠር ያገኘዋል።

በኢንዶኔዥያ ሕሙማንን በእንጨት ግንድ ወይም በሰንሰለት ማሰር ፓሱንግ ይባላል። የዚያ አገር መንግሥት ይህንን ልማድ በ1970 ዓ.ም. በደብዳቤ ከለከለ፤ ልማዱ ግን ከክልከላው በኋላ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረ፤ በ2003 ዓ.ም. ሕሙማኑን ሁሉ ለማስፈታት አዲስ ዘመቻ ማወጅ ግድ ሆነ። ኤርሚንያ ኮሉቺ የተባለችው መርማሪ በ2005 ዓ.ም. ግድም «ሰንሰለቱን መበጠስ» በሚል ስም የሠራችው ፊልም ይህንን ልማድና ሕሙማኑን ለማስፈታት የሚደክሙትን ሰዎች ያሳያል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባለሥልጣን ሁሉ ግልጥ ነው፤ በደብዳቤ የተከለከለ ሰንሰለት የሚፈታው አሳሪው የሚያሳርፈው ሌላ ነገር ሲያገኝ ነው።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ያለ ካህናት አይሆንም፤ ከሕሙማኑ ቤተ ሰዎች አብዛኞቹ አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጸበል ነውና። በ1999 ዓ.ም. በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋራ ቢወስዱ ኃጢአት እንዳልሆነ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እንደማይጣሉ በግልጥ አስተማሩ። ይህ ቃል ለአእምሮ ሕሙማንም በየደብሩ ሊነገር ይገባል፤ «ከጸበል ጋራ ክኒን አይዋጥም»፥ «ክኒኑ ጾም ያፈርሳል» እያለ ሕሙማንን መድኃኒት የሚያስጥል አስተናጋጅ አይጠፋምና። ሐኪሙ ይህንን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ቢያስረዳ የማይፈታውን፥ የንስሐ አባት በአንድ ቃል ይፈታዋል። በአንዳንድ የጸበል ቦታም ሕሙማን ታስረው እንደሚታዩ የታወቀ ነው፤ ፊልሙ እንዲህ ያለውን ቦታ ለማሳጣት ሳይሆን ካህኑና የጤና ሠራተኛው በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ከተመልካቹ ለሚመጣው ጥያቄ በአንድነት እንዲመልሱ ነው የሚያስፈልገው። የማታው ሥራ ፊልሙ ሳይሆን ይህ ጭውውት ነው። ፊልሙ ግማሽ ሰዓት፥ ጭውውቱ ሁለት ሰዓት ቢሆን ይሻላል።

ለሹማምንት የሚቀረው ክፍል አጭር ቢሆንም ቀላል አይደለም። በወረዳ የሚታይ ፊልም ሁሉ «ይህን ያህል ሕዝብ ተመለከተ» ተብሎ በሪፖርት መመዝገቡ አይቀርም፤ (ተመልካች መቍጠር ሕመምተኛ ከማስታመም ይቀላል)። መመዝገብ የሚገባው ግን ከፊልሙ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስንት ቤተ ሰዎች ሕመምተኛቸውን ይዘው እንደ መጡ፥ ስንቱስ በሁለተኛው ወር እንደ ተመለሱ ነው። በአዲስ አበባ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው አማኑኤል ሐኪም ቤት ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የቆመ ብቸኛ ሐኪም ቤት ስለ ነበረ፥ ከሩቅ አውራጃ ሕመምተኛ ማምጣት በሬ የሚያሸጥ ጕዞ ሆኖ ኖሯል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የአእምሮ ጤና ዕቅድ ሕክምናውን በየጤና ጣቢያው ለማድረስ ታስቦ የወጣ ነው፤ በጉራጌ በሶዶ ወረዳም ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ተምረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ማከም እንደሚችሉ በሥራ ታይቷል።

ነገር ግን መድኃኒቱ አንድ ወር ተገኝቶ በሚቀጥለው ወር የሚጠፋ ከሆነ ፊልሙ ባይታይ ይሻል ነበር። ልጁን ከሰንሰለት ፈትቶ፥ በጎረቤቱ ዓይን ፊት አልፎ፥ ግማሽ ቀን ተጕዞ የመጣ አባት «መድኃኒቱ አልቋል» ተብሎ ቢመለስ፥ ሁለተኛ በፊልም አይታለልም፤ ጎረቤቶቹም ከርሱ ይማራሉ። ስለዚህ መኸር ተሰብስቦ ሕዝቡ ዕረፍት በሚያገኝበት ወራት፥ ነጭ አቡጀዲ በደብሩ ቅጥር ወይም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ከመወጠሩ በፊት፥ የወረዳው የጤና ሹም ወደ ጤና ጣቢያው ራሱ ሄዶ የመድኃኒቱን መደርደሪያ ይመልከት፤ ለስድስት ወር የሚበቃ ካላገኘም የፊልሙን ቀን ያዛውረው።