የራበው ሰው ሰማይ አይመልከትን?

በአገራችን አንድ ዜና ከሰው ጆሮ ሲደርስ ከዜናው ቀድሞ የሚደርስ ነገር አለ፤ እርሱም ፍርድ ነው። በመሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ በታክሲ ወረፋ፣ በለቅሶ ድንኳን፣ ቡና በሚጠጣበት ስፍራ ሁሉ የሰማነውን ብንጽፈው፣ ስለ ሳይንስና ስለ አዲስ መሣሪያ በየዕለቱ የሚሰጠው አስተያየት ብቻ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በወጣው ነበር። ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ግን በእውነት ጥያቄ የሆነ ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ ያሻል። ጠያቂ ጠፍቶ ፈራጅ በዝቷልና።

ዛሬ ጠባችን ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። እርሷም፣ «የሚበላው የሌለው ሕዝብ ሳተላይት ምን ያደርግለታል?» የምትለው ናት። መልኳ የጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪዋ መልስ ሲጠብቅ አይተን አናውቅም። ተናግሮ ሲያበቃ ራሱን ይነቀንቃል፤ አድማጩም አብሮ ይነቀንቃል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ሳንደብቅ እንናገር፤ ከነቀነቁት መካከል እኛም ነበርንበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ማለዳ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በቻይና አገር ታይዩዋን ከሚባለው ጣቢያ ወደ ሰማይ ተወነጨፈች። ባለሥልጣኖችና ሊቃውንት ጎሕ ሳይቀድ እንጦጦ ተራራ ላይ ተሰብስበው ይህንኑ በቴሌቪዥን ተመለከቱ። በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ እኛ ቡና በምንጠጣበት ስፍራ ስለዚህች 72 ኪሎ ስለምትመዝን መሣሪያ የተባለው ሁሉ ስለ ገንዘብ ነበር። ምን ትሠራለች፣ በላይዋ የተጫነው ምንድር ነው፣ ያለ ሰው አልነበረም። አንዱ «ለስለላ ናት» አለ፤ ሌላው «ፎቶ ልታነሣን ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሦስተኛው ያችን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ እኛም ራሳችንን ነቀነቅንና የቡናውን ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

የቡናው ሒሳብ መነሣቱ መልካም ሆነ። ሳተላይቷ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ፈጀችና ከዚህም የሚበዛውን ቻይና እንደ ከፈለች በጊዜው ተነግሯል። ሁሉንም ኢትዮጵያ ከፍላዋለች እንበልና ለ110 ሚሊዮን ሕዝብ እናካፍለው፤ ለአንድ ሰው በዚያን ጊዜ ምንዛሪ የሚደርሰው ከሁለት ብር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እኛ ያን ጠዋት ለአንድ ስኒ የከፈልነው ከዚህ ይበልጣል። ይህን ስንል ገንዘቡ ከምንም አይቆጠርም ማለታችን አይደለም፤ የድኻ አገር ገንዘብ በእያንዳንዱ ሳንቲም ይጠየቅበታል። ነገር ግን የሚጠየቀው ተቆጥሮ ነው እንጂ ተገምቶ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለራበው ሕዝብ ሳተላይት አያስፈልገውም የሚል ሰው፣ ረኀብ በምን መንገድ እንደሚመጣ አስቦት አያውቅም። ረኀብ እንደ መብረቅ ድንገት አይወድቅም። መጀመሪያ ዝናቡ ይዘገያል፤ ቀጥሎ ቡቃያው ይጠወልጋል፤ ከዚያ ከብቱ ይከሳል፤ የበሬ ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ሰው ቀዬውን ጥሎ የሚሰደደው በመጨረሻ ነው። ስደተኛው አውራ ጎዳና ላይ ሲታይ ጊዜው አልፏል። ከሰማይ የሚመለከተው መሣሪያ ጥቅሙ እንግዲህ ገና ቡቃያው ሲጠወልግ ማየቱ ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን፣ የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን መልሶ ያንጸባርቃል። ቅጠሉ ሲጠማ ይህ ሚዛን ይለወጣል። ሳተላይት ሁለቱን ብርሃን ለየብቻ ስለሚለካ፣ የአንድ ወረዳ ማሳ ዘንድሮ በሐምሌ ያለው መልክ ካለፉት ዓመታት ሐምሌ ጋር ተነጻጽሮ ማነሱና መብለጡ በቁጥር ይታወቃል። አስማት የለበትም፤ ገበሬው በየማለዳው ማሳው ዳር ቆሞ የሚያደርገውን፣ ለአገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረግ ነው።

ይህ ሥራ ከማን ረኀብ እንደ ተነሣ አንባቢ ያውቃልን? በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ከደረሰው እልቂት የተነሣ ነው የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 የረኀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ድርጅት ያቋቋመው። ይህም ድርጅት ከሰማይ የሚነሣውን ሥዕል ከዝናብ መጠንና ከገበያ ዋጋ ጋር እያዛመደ ረኀብ ወዴት እንደሚያመራ ሲያመለክት ኖሯል። እንግዲህ «ለራበው ሕዝብ ሳተላይት ምን ያደርግለታል?» የሚለው ነገር መልስ ካገኘ 40 ዓመት አልፎታል፤ መልሱም የተገኘው በእኛው ሙታን ነው። እኛ ግን አሁንም እንደ አዲስ ነገር ቡና ላይ እናነሣዋለን።

ተቃዋሚያችን የሚይዘው አንድ እውነት አለ፤ እርሱን አንነሣውም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. ስለሚመጣው ረኀብ አስጠንቅቆ ነበር። በውጭ ያሉት ለጋሾች ዘገዩ፤ በአገር ውስጥ ደግሞ መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል በማሰናዳት ላይ ነበር። ስለዚህ ያለ ሳተላይትም የታየ ነገር ሰሚ ያጣል። ማየት ማብላት አይደለም። ሆኖም ግን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጆሮን ማበጀት ነው እንጂ ዓይንን ማጥፋት አይደለም።

የአንበጣውም ነገር አይዘነጋ። በ2012 ዓ.ም. ማሳችንን የወረረው መንጋ የተራባው በአረብ ምድር፣ ሰው በማይኖርበት በታላቁ ባዶ በረሃ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. አንድ የባሕር ማዕበል ዝናብ አወረደበት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛው ደገመው፤ አሸዋው ለመለመ፤ አንበጣውም ተቆጣጣሪ በሌለበት ትውልድ በትውልድ ላይ ጨመረ። እረኛ የማይደርስበትን እንዲህ ያለ ልምላሜ ከሰማይ በቀር ከየት ሆኖ ማየት ይቻላል? የሐረርጌና የወሎ ገበሬ ቆርቆሮ እየመታ ሲያባርረው፣ ነገሩ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

«ሌሎች የሚያዩት ይበቃናል፤ ከእነርሱ እንለምን» የሚል ሰውም ገጥሞናል። ይህ ከቀድሞው የተሻለ ክርክር ነው፤ የሚገባውንም መልስ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አግኝቷል። በዚያ ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ በእኛ ረኀብ ምክንያት የተቋቋመው ያ ድርጅት ሥራውን አቋረጠ፤ መረጃውም ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ። ከወራት በኋላ ቢመለስም፣ የተዋሱት ዓይን ባለቤቱ ሲከድነው እንደሚከደን ታይቷል።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈራጅ አለ፤ እርሱ አይነቀንቅም፣ ያጨበጭባል። ሳተላይቷ በተላከችበት ሰሞን «ኅዋን ያዝነው» ሲል የሰነበተው እርሱ ነው። የተሠራችው ከቻይና ባለሙያዎች ጋር እንደ ሆነ፣ የታሰበላትም ዕድሜ ሁለት ዓመት ብቻ እንደ ነበረ ሲነገረው ይቆጣል። ሳይንስ ሁሉ ከእኛ አባቶች ተሰርቆ የሄደ ነው ብሎም ያምናል። ከዚህኛው ጋር መከራከር ከፊተኛው ይልቅ ያደክማል፤ ስድቡን በአገር ፍቅር ጠቅልሎ ይወረውራልና።

ለዚህ ሰው የእንዶድን ነገር እናስታውሰው። የኢትዮጵያ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ስንት ዘመን እንደ ኖሩ ቈጥሮ የጨረሰ የለም፤ ዕውቀቱ የእነርሱ ነው፤ አንክድም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አጠገብ ወንዝ ዳር ቆመው ያስተዋሉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያሳድጉ ናቸው። ወንዙ ለሁሉም ይታይ ነበር፤ ቀንድ አውጣውም እንዲሁ። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ወስደው በእንዶድ ውኃ ፈተኑ፤ ቈጠሩ፤ ደገሙ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ለተሸለሙበት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያበቃቸው ይህን በመሰለ ሥራ የፈጀ ሃያ አምስት ዓመት ነው። «አባቶቻችን ያውቁት ነበር» ብሎ ለመናገር ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

ጥፋቱ የሚናገረው ሕዝብ ብቻ አይደለም። ዜናውን የሚያቀርበው ሰው የትኛው ባለሥልጣን ሪባን እንደ ቈረጠ፣ ማን ንግግር እንዳደረገ በዝርዝር ይነግረናል፤ መሣሪያው ምን እንደሚያይ ግን ከአንድ መስመር አያልፍም። እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ሕዝብ ስለ ገንዘቡ ብቻ ቢነጋገር ምን ይደንቃል? ከነገሩ ውስጥ የገባው ገንዘቡ ብቻ ነውና። ዜናውን ለሚጽፉት ብቻ ሳይሆን፣ የሚጻፈውን መግለጫ ለሚያዘጋጁት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችንም ይህን እንላለን።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጃችን የሆነ የገጠር መምህር ስለ ሳተላይቷ ሲያስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አነሣና «ቤታችንን ታያለች?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀበት። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ጠመኔውን አንሥቶ ከልጆቹ ጋር አሰላው። በሳተላይቷ ሥዕል ላይ አንዲት ነጥብ በምድር ላይ ጎንና ጎኑ 14 ሜትር ያህል የሆነ ቦታ ናት፤ ስለዚህ የልጁ ጎጆ በአንዲት ነጥብ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ሩብ ሄክታር የሆነው የአባቱ ማሳ ግን ከአሥር ነጥብ በላይ ይሆናል። ልጁ ይህን ከሰማ በኋላ እጁን አላወረደም። «ታዲያ ማሳችን ሲደርቅ ካየች ለማን ትናገራለች?» አለ።

ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለዚህ ነገር ከሰማነው ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ሥዕሉ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ የትኛው ጠረጴዛ ይሄዳል? በስንት ቀን ውስጥ ከወረዳው የግብርና ሠራተኛ እጅ ይደርሳል? ሠራተኛውስ ማሳው መጠማቱን ሲያውቅ ምን እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል? ለእነዚህ መልስ ለሚሰጠን ባለሥልጣን በሚቀጥለው ወር መጽሔታችን አንድ ሙሉ ገጽ ክፍት አድርገን እንጠብቃለን።